ገንዘብ ተገኝቶም ሥራ ለምን ይዘገያል? የሩሲያን የኬሚካል የጦር መሣሪያ ለማስወገድ የተካሄዱት የዕርዳታ ድርድሮች

ሩሲያ ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት የወረሰችውን 40 ሺህ ቶን የሚጠጋ የኬሚካል የጦር መሣሪያ አስወግዳ መጨረሷን ያስታወቀችው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 2017 ነው። ዓለም አቀፉ ስምምነት በመጀመሪያ የሰጠው የጊዜ ገደብ ግን ከዚያ ከአሥር ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2007 አብቅቶ ነበር።

ለሥራው መዘግየት ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት የገንዘብ እጥረት ነው። ይሁንና ሩሲያ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከአሜሪካ፣ ከጀርመን፣ ከእንግሊዝና ከሌሎች ለጋሽ አገሮች ጋር ያካሄደቻቸው ድርድሮች ሌላም ነገር ያሳያሉ። ገንዘቡ ከተገኘም በኋላ የቀረጥ፣ የካሣ ኃላፊነት፣ የቁጥጥርና የወጪ ድርሻ ጥያቄዎች መልስ እስኪያገኙ ድረስ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ክምችቱ በሰባት መጋዘኖች ውስጥ ይገኝ ነበር። ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ሳሪን፣ ሶማንና ቪኤክስ የተባሉት የነርቭ ሥርዓትን አሽመድምደው በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድሉ መርዞች ነበሩ። ቀሪው እንደ ሰናፍጭ ጋዝና ሉዊሳይት ያሉ ቆዳንና የመተንፈሻ አካልን የሚያቃጥሉ መርዞችን የያዘ ነበር።

የእነዚህ መሣሪያዎች አደገኝነት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀምን ከልክሏል፤ ማምረትንና ማከማቸትን ግን አልከለከለም። ፋሺስት ኢጣሊያ ፕሮቶኮሉን አጽድቃ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1935 እና በ1936 በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ ማዝነቧ፣ ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴም ጄኔቫ ተገኝተው ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ ማቅረባቸው ይታወሳል።

እ.ኤ.አ. በ1993 ፓሪስ ላይ ለፊርማ የቀረበውና በኤፕሪል 1997 በሥራ ላይ የዋለው የኬሚካል የጦር መሣሪያዎች ክልከላ ስምምነት ይህንን ክፍተት ለመድፈን የታለመ ነው። ስምምነቱ መሣሪያውን ማምረትንና ይዞ መገኘትን ይከለክላል። ክምችት ያላቸው አገሮች አንድ በመቶውን በሦስት ዓመት፣ 20 በመቶውን በአምስት ዓመት፣ 45 በመቶውን በሰባት ዓመት፣ ሙሉውን ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲያስወግዱም ያስገድዳል። የማስወገዱን ወጪ የሚሸፍነው ባለመሣሪያው አገር ራሱ ነው። በመሆኑም ሌላ አገር የሚሰጠው ዕርዳታ የስምምነቱ ግዴታ ሳይሆን በድርድር የሚወሰን ጉዳይ ነው።

ሩሲያ ስምምነቱን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1997 ሲሆን፣ ዓመት ሳይሞላ በነሐሴ ወር 1998 የደረሰባት የፋይናንስ ቀውስ የመንግሥቱን በጀት ክፉኛ አናጋው። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2000 ልታሟላው የሚገባትን የአንድ በመቶ ግዴታ ሳትፈጽም ቀርታለች።

አሜሪካ ዕርዳታ ለመስጠት የተስማማችው ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1992 ነበር። መነሻው ሴናተር ሳም ነን እና ሴናተር ሪቻርድ ሉጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ያመነጩት፣ የቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎች እንዲወገዱ የሚያግዝ መርሐ ግብር ነው። ለዕርዳታው የተመረጠው በኩርጋን ክልል በሽቹቺዬ ከተማ አጠገብ የሚገኘው መጋዘን ነበር። በውስጡ 5 ሺህ 500 ቶን ያህል የነርቭ መርዝ የያዙ 1 ነጥብ 9 ሚሊዮን ገደማ የመድፍ ጥይቶችና የሮኬት አረሮች ተከማችተውበታል። አሜሪካን ይበልጥ ያሳሰባት የጥይቶቹ አነስተኛነት ነው። ሴናተር ሉጋር አንዱ ጥይት በሰነድ ቦርሳ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል የሚያሳይ ፎቶግራፍ እያቀረቡ፣ መሣሪያው በአሸባሪዎች እጅ እንዳይወድቅ ያላቸውን ሥጋት ይገልጹ ነበር።

የመጀመሪያው አለመግባባት የተነሳው በአወጋገዱ ስልት ላይ ነው። አሜሪካ በወቅቱ የራሷን መሣሪያ በአብዛኛው በከፍተኛ ሙቀት ታቃጥል ነበር። ሩሲያ በበኩሏ መርዙን በኬሚካል አምክኖ ተረፈ ምርቱን ከሬንጅ ጋር የሚቀላቅል ባለሁለት ደረጃ ስልት መረጠች። የሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች ስልቱን በጋራ ፈትሸው ውጤታማነቱን ካረጋገጡ በኋላ አሜሪካ የሩሲያን ምርጫ ተቀብላለች።

ሁለተኛው አለመግባባት የከበደ ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. ለ2000 እና ለ2001 የበጀት ዓመታት ለሽቹቺዬ ፋብሪካ ግንባታ ገንዘብ እንዳይውል አገደ። ቀጥሎም የመከላከያ ሚኒስትሩ ስድስት ጉዳዮችን ሳያረጋግጡ ገንዘቡ እንዳይለቀቅ ደነገገ። እነዚህም ሩሲያ የክምችቷን መጠን በተሟላና በትክክለኛ መንገድ እንድትገልጽ፣ በየዓመቱ ቢያንስ 25 ሚሊዮን ዶላር ከራሷ እንድትመድብ፣ የነርቭ መርዞቹን የምታስወግድበት ተግባራዊ ዕቅድ እንድታወጣ፣ ሁሉም በአንድ ሥፍራ እንዲወገዱ የሚያስችል ሕግ እንዲኖራት፣ በቮልጎግራድና በኖቮቼቦክሳርስክ የነበሩትን ማምረቻዎች እንድታፈርስ ወይም ለሌላ አገልግሎት እንድታውል፣ እንዲሁም ሌሎች አገሮች ለመሠረተ ልማቱ ገንዘብ ለማዋጣት ቁርጠኝነታቸውን እንዲያሳዩ የሚጠይቁ ናቸው።

የእገዳው ደጋፊዎች ሩሲያ ከራሷ በጀት በቂ ገንዘብ ሳታወጣ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ሸክሙን ሊሸከም አይገባም ይሉ ነበር። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ሥራው በተጓተተ ቁጥር መርዙ በመጋዘን የሚቆይበት ጊዜ እንደሚረዝም፣ አደጋውም ለሁሉም እንደሚተርፍ ያስረዱ ነበር። በመጨረሻ ኮንግረሱ ፕሬዚዳንቱ ቅድመ ሁኔታዎቹን ለጊዜው የማንሳት ሥልጣን እንዲኖራቸው ፈቀደ። ይኸው ሥልጣን ሥራ ላይ ውሎ የፋብሪካው ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2003 ሊጀመር ችሏል።

በዚሁ ጊዜ የቡድን 8 አገሮች መሪዎች እ.ኤ.አ. በጁን 2002 ካናዳ ውስጥ በካናናስኪስ ባደረጉት ስብሰባ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ እስከ 20 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ተስማሙ። ግማሹ ከአሜሪካ፣ ግማሹ ከሌሎቹ እንዲገኝ ታስቦ ነበር። ቅድሚያ ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱም የኬሚካል መሣሪያዎችን ማስወገድ ነው።

ከገንዘቡ መጠን ባልተናነሰ ጠቃሚ የነበረው መሪዎቹ ያጸደቁት የአፈጻጸም መመሪያ ነው። መመሪያው በቀደሙት ዓመታት ድርድሮችን ሲያጓትቱ የቆዩ ጉዳዮችን አካቷል። አንደኛው ቀረጥና ግብር ነው። በዕርዳታ በሚገባ መሣሪያ ላይ ቀረጥ ከተጣለ፣ ለመርዝ ማስወገጃ የተሰጠው ገንዘብ ተመልሶ ወደ ተቀባዩ አገር ግምጃ ቤት ይገባል። ሁለተኛው የካሣ ኃላፊነት ነው። በሥራው ላይ አደጋ ቢደርስ ለጋሹ መንግሥትና የሥራ ተቋራጮቹ በሩሲያ ፍርድ ቤት ይከሰሳሉ ወይ የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ነበረበት። ሦስተኛው ለጋሾች ገንዘባቸው ለታለመለት ዓላማ መዋሉን በሥፍራው ተገኝተው የሚያረጋግጡበት መብት ሲሆን፣ ይህም ከወታደራዊ ምሥጢር ጥበቃ ጋር የሚጋጭ ነበር።

ከለጋሾቹ መካከል ጀርመን የመረጠችው መንገድ ፈጣን ውጤት አስገኝቷል። ጀርመን ጥሬ ገንዘብ ከማስተላለፍ ይልቅ መሣሪያዎችን ገዝታ ታቀርብ ነበር። በዚህ መንገድ የታገዘው የጎርኒ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2002 ሥራ ጀምሮ፣ ሩሲያ የአንድ በመቶውን ግዴታ በኤፕሪል 2003 እንድታሟላ አስችሏታል።

በሽቹቺዬ ደግሞ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንደሚባለው ሥራው ለብዙዎች ተከፋፍሏል። አሜሪካ በዋናው ፋብሪካ ላይ ስታተኩር፣ እንግሊዝ የውኃ አቅርቦቱንና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያውን ሥራ አስተባብራለች። ኢጣሊያ ለጋዝ መስመር ዝርጋታ፣ ኖርዌይና የአውሮፓ ኅብረት ለኤሌክትሪክ ሥራው ገንዘብ ሰጥተዋል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2003 ለ18 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ ገንዘብ ስትመድብ ከሩሲያ ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ገና አልነበራትም። ስለሆነም ገንዘቡን ቀድሞ ስምምነት በነበራት በእንግሊዝ በኩል ለማስተላለፍ ወስናለች። በዚህ ዘዴ አንድ የተሟላ ስምምነት ለብዙ ለጋሾች መግቢያ በር ሆኖ አገልግሏል።

የሽቹቺዬ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀመረ። አሜሪካ ለዚሁ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ማውጣቷ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ለሰባቱም ሥፍራዎች ከዋለው ጠቅላላ ወጪ ከፍተኛውን ድርሻ የሸፈነው፣ ኢኮኖሚው ካገገመ በኋላ የጨመረው የሩሲያ በጀት ነው። የውጭው ዕርዳታ ዋነኛ ፋይዳ የሩሲያ በጀት አቅም ባልነበረው ወቅት ሥራውን ማስጀመሩና በቁጥጥር ሥር እንዲካሄድ ማገዙ እንደሆነ መገንዘብ ይቻላል።

ገንዘብ ብቻውን በቂ አለመሆኑን የሶሪያ ጉዳይም አሳይቷል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 የሶሪያ የኬሚካል መሣሪያ እንዲወገድ ሲወስን ወጪውን የሚሸፍን አልጠፋም። የጠፋው መርዙን በግዛቱ የሚቀበል አገር ነበር። የራሷን 16 ቶን መርዝ በአሜሪካ ዕርዳታ አስወግዳ እ.ኤ.አ. በ2007 ያጠናቀቀችው አልባኒያ ጥያቄ ቢቀርብላትም ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ በመቃወሙ ሳትቀበል ቀርታለች። በመጨረሻም እጅግ አደገኛ የሆነው 600 ቶን ያህል መርዝ ኬፕ ሬይ በተባለች የአሜሪካ መርከብ ላይ በባሕር እንዲመክን ተደርጓል።

ሩሲያን በመዘግየት ስትወቅስ የቆየችው አሜሪካ ራሷም የጊዜ ገደቡን አልጠበቀችም። የመጨረሻውን መሣሪያዋን ያስወገደችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2023 ሲሆን፣ በዚያው ዕለት አባል አገሮች ያሳወቁት 72 ሺህ 304 ቶን ክምችት ሙሉ በሙሉ መወገዱ ተረጋግጧል።

ከሦስት አሥርት ዓመታት የድርድር ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ለጋሽና ተቀባይ በሚገናኙበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ይሠራል። ለዕርዳታ ቃል የተገባው ገንዘብ በሥራ ላይ የሚውልበትን ጊዜ የሚወስኑት ቀረጡን ማን እንደሚከፍል፣ ለጉዳት ማን እንደሚጠየቅ፣ ሒሳቡን ማን እንደሚመረምርና ተቀባዩ ከራሱ ምን እንደሚያዋጣ የሚደነግጉት አንቀጾች ናቸው። በሽቹቺዬ እነዚህ ጉዳዮች እልባት እስኪያገኙ ድረስ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉት ጥይቶች ከመጋዘናቸው አልተንቀሳቀሱም ነበር።