ጣሳው ስንት ግራም ይይዛል?

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት አቅራቢያ፣ ሲሪንቃ ውስጥ፣ አሥር የፈረንጅ ዶሮ የሚያረቡ አንዲት እናት አሉ። ባለፈው ዓመት የዶሮ መኖ ባለሙያ መሆኔን ሰምተው አስጠሩኝ። ቡና እንኳ ሳይፈላ ጥያቄያቸውን አቀረቡ፤ «ልጄ፣ ለእነዚህ ዶሮዎች በቀን ስንት ነው የሚሰጠው? ጧት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ አጉድዬባቸው አላውቅም። እንቁላሉ ግን ከስምንት ወደ አምስት ወረደብኝ።»

ጣሳውን እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው። አንድ ሊትር ገደማ የሚይዝ የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። ማሽላ ሞልቼ በሚዛኔ ብለካው 700 ግራም ሆነ። ያንኑ ጣሳ ፉርሽካ ሞልቼ ስመዝን 230 ግራም! እማማ ማሽላ ሲወደድ ፉርሽካ፣ ፉርሽካ ሲጠፋ ማሽላ ይሰጣሉ፤ ሁልጊዜም ሁለት ጣሳ። አንድ ሳምንት ለእያንዳንዷ ዶሮ 140 ግራም ይደርሳታል፤ ትርፉን ድንቢጥና አይጥ ይበላዋል። በሚቀጥለው ሳምንት 46 ግራም ብቻ ይደርሳትና በረሃብ እንቁላሏን ታቋርጣለች። እሳቸው ግን አንዲት ቀን እንኳ አላጎደሉም።

እንቁላል የምትጥል የፈረንጅ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች። 115 ብለን ብንይዝ ለአሥር ዶሮ በቀን 1.15 ኪሎ፣ በወር 35 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ አንድ ኩንታል ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያልቃል። ይህን ቁጥር ለሰው ስነግር ብዙው ደስ ብሎት ማሽላውን መዝኖ መስጠት ይጀምራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼኔ ነው። ሲሪንቃ ያለችበት ሀብሩ ወረዳ የማሽላ አገር ነው፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በማሽላ ዝርያዎቹ ይታወቃል። ማሽላ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ከመቶ አሥር አካባቢ ነው። ዶሮዋ በቀን 18 ግራም ያህል ፕሮቲን ስትፈልግ 115 ግራም ማሽላ ከ11 ወይም ከ12 ግራም በላይ አይሰጣትም። ሆዷ ጠግቦ፣ ስብ አከማችታ፣ እንቁላሏ ይጎድላል። ቀዩ ዘንጋዳ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ የሚያመርረው ታኒን ፕሮቲኑን አስሮ ስለሚይዘው ዶሮዋ ካለውም በሙሉ አትጠቀምም። ለዶሮ ነጩን ማሽላ እመክራለሁ።

የጎደለውን የሚሞላው ፋጉሎ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው ነው። የኑግ ፋጉሎ ከመቶ ሠላሳ ገደማ ፕሮቲን አለው። ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ግን በማሽላም በኑግም አነስተኛ ስለሆነ ሁለቱን ብቻ መቀላቀል አይበቃም፤ የተቆላ አኩሪ አተር ያስፈልጋል። ጥሬ አኩሪ አተር የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር ስላለው ሳይቆላ አይሰጥም። አኩሪ አተር ከምዕራብ ኢትዮጵያ ተጭኖ ስለሚመጣ ዋጋው ይከብዳል፤ ቢሆንም እዚህ ላይ መቆጠብ እንቁላል ላይ መቆጠብ ነው። ለእማማ የሠራሁላቸው የመቶ ኪሎ ድብልቅ 53 ኪሎ ማሽላ፣ 17 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 13 ኪሎ የተቆላ አኩሪ አተር፣ 8 ኪሎ ፉርሽካ፣ 8 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ ጨውና ግማሽ ኪሎ የቫይታሚንና ማዕድን ቅመም ነበር። ፕሮቲኑ ከመቶ 16 ይደርሳል። የኖራ ድንጋይ ስል የተፈጨውን ጥሬ ድንጋይ ማለቴ ነው፤ ግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ በፍጹም አይሰጥም።

አንድ የእንቁላል ቅርፊት ሁለት ግራም ያህል ካልሲየም ይወስዳል፤ ቅርፊቱም በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ሻካራ የኖራ ድንጋይ ወይም ምጣድ ላይ ደርቆ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው በዕቃ ይቀመጥላቸው፤ እያንዳንዷ የሚያስፈልጋትን ትለቅማለች። ውሃም ከመኖው እጥፍ ይሁን። ሲሪንቃ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ደህና ነው፤ ግራና ወደሚባለው ቆላ ሲወረድ ግን ዶሮዋ በሙቀቱ መኖ ቀንሳ ውሃ ስለምታበዛ መኖው በዚያው ልክ ፕሮቲኑ ጠንከር ማለት አለበት።

ዋጋውን የማሰላው በኪሎ ሳይሆን በእንቁላል ነው። አሥሩ ዶሮ ስምንት ሲጥሉ አንድ እንቁላል 144 ግራም መኖ ይወስዳል፤ አምስት ሲጥሉ ያው አንድ እንቁላል 230 ግራም። ለምሳሌ ኪሎው 40 ብር ቢገባ፣ የመጀመሪያው የ5 ብር ከ76 ሳንቲም፣ ሁለተኛው የ9 ብር ከ20 ሳንቲም መኖ በልቷል ማለት ነው። ለዚህ ነው ርካሽ ፉርሽካ ብዙ ጊዜ ውድ የሚሆነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ብዙ ጓሮ ዶሮ አስገብቷል፤ ዶሮ የሚቀበል ሰው ሁሉ ከዶሮዋ ጋር ይህን ስሌት ቢቀበል እወድ ነበር። የአበሻዋ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስለምትጥል ከጓሮ በለቃቀመችው ላይ ማታ እፍኝ እህል ቢጨመርላት ይበቃታል። የፈረንጇ ግን በእንዲህ ያለ አያያዝ በደንብ አትጥልም።

ማሽላ የምገዛው በታኅሣሥና በጥር ነው፤ አጨዳው አልቆ ገበያው ሲሞላ። በደንብ ካልደረቀ ግን ይሻግታል፤ የሻገተ እህልና ፋጉሎ አፍላቶክሲን ስለሚያመጣ ለዶሮ ብዬ አላስተርፈውም። የተቀላቀለውንም ከአንድ ወር ፍጆታ በላይ አላስፈጭም። መመገቢያው አንድ ሦስተኛ ብቻ ይሞላ፣ በዶሮዋ ጀርባ ከፍታም ይንጠልጠል፤ ሲሞላ በምንቃሯ ትበትነዋለች።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን የእንቁላል ዋጋ ይወርዳል፤ ዶሮዋ ግን መብላቷን አታቆምም። መጣል ያቆመችውን በጣት መለየት ይቻላል፦ ከፊንጢጣዋ ግራና ቀኝ ባሉት ሹል አጥንቶች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ካልገባ እየጣለች አይደለም። እንዲህ ያለችዋ በወር ሦስት ኪሎ ተኩል በልታ ምንም አትመልስም። ለፋሲካ መሸጥ ነው።

ባለፈው መጋቢት እማማ ቤት ተመለስኩ። ጣሳዋን ከአዲሱ ድብልቅ 575 ግራም በሚይዝበት ልክ በምስማር ጭረናት ነበር፤ ጧት አንድ፣ ማታ አንድ። በበሩ ጀርባ የዕለቱን እንቁላል በከሰል መስመር ይጽፋሉ፤ ስምንት፣ ስምንት፣ ሰባት፣ ስምንት። አንዷን ዶሮ ይዤ ስዳስሳት አንድ ጣትም አልገባ።

«እሷን ተዋት» አሉኝ፤ «መጀመሪያ የጣለችልኝ እሷ ናት።»

የወሩን ሦስት ኪሎ ተኩል ነገርኳቸው። ዝም ብለው አሰቡ። ከዚያ በሩን ከፍተው እዚያው ወዳሏቸው የአበሻ ዶሮዎች ለቀቋት፤ እንደ እነሱ ለቃቅማ ትብላ አሉ። ሚዛኑን አውጥቼ ምስማሩን ተቀበልኳቸው፤ ጣሳዋ ላይ ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ለዘጠኝ ዶሮ የሚሆን አዲስ መስመር ጫርን።