ያውቁ ኖሯል? ከእንቅልፍ ሲነሡ ተረከዝዎ ለምን ይወጋዎታል?

በአዲስ አበባ ከአደይ አበባ እስከ ሳሪስ አቦ፣ በፋብሪካ፣ በጋራዥና በሱቅ ቆሞ የሚውል ሰው ይህን ሕመም ሊያውቀው ይችላል። ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያይተስ ይሉታል።

■ ከተረከዝ አጥንት እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋ ጠንካራ ጅማት የውስጥ እግርን ቅስት ደግፎ ይይዛል። ሌሊት ይኮማተራል፤ ከአልጋ ሲወርዱ በድንገት ሲለጠጥ እንደ ሚስማር ይወጋል።

■ ከ10 ሰዎች 1 ያህሉን በሕይወት ዘመኑ ያገኘዋል፤ በብዛት የሚታየው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉት ላይ ነው።

■ በራጅ የሚታየው የአጥንት እሾህ ብዙውን ጊዜ የሕመሙ መንሥኤ አይደለም። ምንም ሳያማቸው እሾሁ ያለባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

■ ከአልጋ ሳይወርዱ የታመመውን እግር ጉልበትዎ ላይ ያድርጉ። ጣቶቹን በእጅዎ ወደ ቅልጥምዎ ስበው 10 ሰከንድ ያቆዩ። ይህን 10 ጊዜ ይድገሙ፤ በቀን 3 ጊዜ ይሥሩት።

■ ማታ ውሃው በረዶ የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ (ሃይላንድ) በውስጥ እግርዎ ሥር ለጥቂት ደቂቃ ያንከባልሉ። ስኳር ሕመም ያለበት ወይም እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ግን በረዶ አይጠቀም።

■ በሲሚንቶ ወለል ላይ በባዶ እግር ወይም በስስ ነጠላ ጫማ መቆም ያባብሰዋል። ሶሉ ወፈር ያለ፣ ቅስቱን የሚደግፍ ጫማ ይምረጡ።

■ አብዛኛው ታማሚ በ12 ወር ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል፤ ስለዚህ ተስፋ ሳይቆርጡ እንቅስቃሴውን ይቀጥሉ። ተረከዙ ካበጠ፣ ከደነዘዘ፣ ትኩሳት ካለዎት ወይም ወድቀው መርገጥ ካቃተዎት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።