ልምምድ የማይሠራው ካፒቴን

ስለ ሌድሊ ኪንግ በተነሳ ቁጥር «ጉልበቱ ባይከዳው ኖሮ» የሚል ቁጭት አብሮ ይነሳል። የምሥራቅ ለንደኑ ልጅ ከቶተንሃም ሌላ የክለብ ማልያ ሳይለብስ በ2012 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ31 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ለመሃል ተከላካይ 31 ዓመት ገና የብስለት ዕድሜ ነው። ኪንግን ያስቆመው አሰልጣኝም፣ ተቀናቃኝም አልነበረም፤ የጉልበቱ ልም አጥንት ማለቁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኪንግ እንደ ጓደኞቹ ሜዳ ገብቶ ልምምድ አይሠራም ነበር። ቅዳሜ 90 ደቂቃ ይጫወታል፤ ጉልበቱ ያብጣል፤ ሳምንቱን በጂምና በመዋኛ ገንዳ ሲያስታምመው ይሰነብታል፤ ቅዳሜ እንደገና ይሰለፋል። በሳምንት ሁለት ጨዋታ ከመጣ አንዱን መዝለሉ የተለመደ ነበር። እንዲህም ሆኖ በ2008 ቼልሲን 2ለ1 ረትተው የካርሊንግ ካፕን ሲወስዱ ካፒቴኑ እሱ ነበር። ስፐርሶች ቀጣዩን ዋንጫ ለማንሳት እስከ 2025 ጠብቀዋል።

የሚያልቀው ምንድን ነው?

የጭንና የቅልጥም አጥንቶች ጉልበት ላይ ሲገናኙ በቀጥታ አይነካኩም። ጫፋቸው ልም አጥንት በሚባል አንሸራታች ሽፋን ተለብጧል። በመሃላቸው ደግሞ ሚኒስከስ የሚባሉ ሁለት ትራሶች አሉ፤ የዝላዩንና የግጭቱን ጫና የሚችሉት እነሱ ናቸው። ችግሩ ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ጡንቻ ቢጎዳ ደም መጠገኛውን ያመጣለታል፤ ልም አጥንት ሲላጥ ግን እንደነበረ አይመለስም። ሽፋኑ እየሳሳ፣ በመጨረሻም አጥንት ከአጥንት እየተፋተገ የሚሄድበትን በሽታ ሐኪሞች ኦስቲኦአርትራይተስ ይሉታል። ሰው «ቁርጥማት ነው»፣ «ብርድ መቶኝ ነው» ብሎ የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ብርድ ሕመሙን ሊቀሰቅሰው ይችል ይሆናል እንጂ ልም አጥንት አይበላም።

ኳስ ተጫዋች ለዚህ የሚጋለጠው ስለሮጠ ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር ጉዳት ነው፤ የተበጠሰ ጅማት፣ የተቀደደ ሚኒስከስ። ድሮ የተቀደደ ሚኒስከስ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ይወጣ ነበር። ተጫዋቹ በቶሎ ሜዳ ይመለሳል፤ ሒሳቡ ግን ከዓመታት በኋላ ይመጣበታል። ዛሬ ቀዶ ሐኪሞች የሚሰፋውን ሰፍተው ለማቆየት የሚታገሉት ለዚህ ነው።

ማክግራዝና ስሚዝ

ከኪንግ በፊት በዚሁ መንገድ የሄደው ፖል ማክግራዝ ነው። ጉልበቶቹ ተደጋጋሚ ቀዶ ጥገና ያዩት አየርላንዳዊ በ1989 ከማንቸስተር ዩናይትድ ወደ አስቶን ቪላ ሄደ። ቪላዎች ልምምዱን ቀነሱለት፤ እሱም በጨዋታ ቀን ከፈላቸው። በ1993 የሙያ ጓደኞቹ የዓመቱ ኮከብ አድርገው መረጡት። በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ አየርላንድ ጣሊያንን 1ለ0 ስትረታ እነ ሮቤርቶ ባጆን ያቆመው እሱ ነበር።

የቶሚ ስሚዝ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ1977 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ለሊቨርፑል ጎል ያገባው፣ «የአንፊልዱ ብረት» የተባለው ተከላካይ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አርትራይተስ ጎድቶት በአካል ጉዳተኛ ድጎማ ይኖር ነበር። በ1996 በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ቀን ዌምብሌይ ላይ ለመዝናኛ አንዲት ፔናልቲ በመምታቱ ድጎማው ተቋረጠበት። ብረቱን ሰው ያጎበጠው የመገጣጠሚያ ሕመም ነው።

ለሰፈር ተጫዋች

የክለብ ሐኪምና መዋኛ ገንዳ የሌለው፣ ቅዳሜ ጠዋት አስፋልት ላይ የሚጋጠመው የአዲስ አበባ ልጅስ? ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ጠዋት ጉልበት ለጥቂት ደቂቃ ይደርቃል፣ ደረጃ ሲወርዱ ያማል፣ በጨዋታ ማግስት ያብጣል። ሕመም የሌለው መንቋቋት ብቻውን በሽታ አይደለም። ድርቀቱ ከ1 ሰዓት ካለፈ፣ ወይም ጉልበቱ ቀልቶ ትኩሳት ካለ ግን ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ማየት ይገባል።

ወጌሻ ቢያሸው ጡንቻ ይፍታታ ይሆናል፤ ያለቀ ልም አጥንት ግን በእሽት አይተካም። ያበጠ ጉልበት ሳይመረመር ማስጎተትማ ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል። ዳይክሎፌናክ እየዋጡ መጫወትም አደጋ አለው፤ ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። የኮርቲዞን መርፌ ለሳምንታት ያስታግሳል፤ ሲበዛ ግን ልም አጥንቱን ራሱን ሊጎዳው ይችላል።

የተፈተነው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። የጭን የፊት ጡንቻን ማጠንከር ይቀድማል፤ ጡንቻው በጠነከረ ቁጥር ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። ሁለተኛው ክብደት ነው፤ 1 ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያወርዳል። ብስክሌትና ዋና ጉልበትን ሳያጋጩ ያሠራሉ። ጭራሽ ተኝቶ መክረም ግን ጡንቻን ስለሚያሟሽሽ አይመከርም። ይህ ሁሉ አልሆን ሲል የመጨረሻው አማራጭ ጉልበቱን በሰው ሠራሽ መቀየር ነው።

ኪንግ ልምምድ መቀነሱ ስንፍና አልነበረም፤ የቀረችውን ጉልበት ለቅዳሜ መቆጠብ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ኳስ የሚጫወት ሰውም ጉልበቱ ማበጥ ከጀመረ አንዱን ቀን ለጭን ጡንቻው ቢሰጥ፣ በ50 ዓመቱ ከልጆቹ ጋር ኳስ የመጫወት ዕድሉ የተሻለ ይሆናል።