ፀረ አረም መርዝና ሳንባችን

በቁስቋምና በጎንደር ዙሪያ ባሉ ገጠሮች ፀረ አረም ኬሚካል በብዙ ገበሬዎች ቤት ይገኛል። ሁሉም አረም ይግደል እንጂ በሰው ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ይለያያል። ሳንባን ለይቶ የሚያጠቃው፣ ግራሞክሶን በሚል ስምም የሚሸጠው ፓራኳት ነው።

ሳንባን ለምን ይጎዳል?

ፓራኳት ሲዋጥ በደም አማካኝነት ወደ መላ ሰውነት ይሰራጫል። የሳንባ ሕዋሳት ግን ከደሙ እየሳቡ ያጠራቅሙታል። እዚያም ከኦክስጅን ጋር እየተገናኘ ሕዋሳቱን ያቃጥላል። ሳንባው ይቆጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ በቀናትና በሳምንታት ውስጥም እንደ ጠባሳ ይደድራል። የደደረ ሳንባ ኦክስጅንን ወደ ደም ማሳለፍ ይሳነዋል። መርዙን በሽንት የሚያስወጣው ኩላሊትም አብሮ ይጎዳል።

በሽተኛው በመጀመሪያው ቀን ደህና ቢመስል አይታለሉ። የትንፋሽ ማጠሩ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ምን ማድረግ ይገባል?

• ወተት በማጠጣት ወይም በማስመለስ ጊዜ አያጥፉ። በሽተኛውን ወዲያውኑ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ያድርሱ። መርዙን የሚመጥ የከሰል ዱቄት የሚጠቅመው ቶሎ ከተሰጠ ነው።
• የመርዙን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዘው ይሂዱ።
• የነካውን ልብስ አውልቀው ገላውን በሳሙናና በውሃ ይጠቡ።
• ሐኪሙ ኦክስጅን ቶሎ ባይሰጥ አይከፉ። በፓራኳት መመረዝ ያለ ከባድ እጥረት የሚሰጥ ኦክስጅን ጉዳቱን ያባብሳል።
• ሆን ብሎ የወሰደ ከሆነም አይሸሽጉ፣ አይቆጡትም። ከሕክምናው ጋር የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያየው ይጠይቁ።

ሳንባው ያገግማል?

ለፓራኳት ማርከሻ መድኃኒት የለም፤ ብዙ የዋጡ አብዛኞቹ አይተርፉም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለፉ ሰዎች ሳንባ ግን በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ሲሻሻል ታይቷል። ጠባሳው ጨርሶ ላይጠፋ ስለሚችል ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ የሐኪም ቀጠሮ አያቋርጡ፤ ከሲጋራና ከማድቤት ጭስ ይራቁ፤ እንቅስቃሴን በጥቂቱ እየጨመሩ ይለማመዱ።

ከሁሉ የሚበልጠው መከላከል ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 የፓራኳትን ሽያጭ ከከለከለች በኋላ በእርሻ መርዝ የሚሞተው ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። እርስዎም በቤትዎ ይህን ያድርጉ፦ ፀረ አረም ከተገዛበት ዕቃ ወደ ሃይላንድ ወይም ወደ ለስላሳ ጠርሙስ አይገልብጡ፤ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታም ቆልፈው ያስቀምጡ።