በሩ ተዘግቷል ወይ?

«በሩን ዝጋው፣ ጫጫታው ረበሸን» እንላለን። በሩ ይዘጋል፤ የጎረቤት ክፍል ጫጫታ ግን እንዳለ ነው። ለምን? እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር ዙሪያው 580 ሳንቲ ሜትር ነው። በበሩና በመቃኑ መካከል ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር 58 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም ጎኑ 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ አራት ማዕዘን ቀዳዳ በበሩ ላይ እንደ መክፈት ነው። ነፋስም፣ አቧራም፣ ድምፅም በዚያ ይገባሉ።

ይህን የሚደፍነው በመቃኑ ዙሪያ የሚገባው የማሸጊያ ጎማ ነው። ጎማው የሚሠራው ግን ሲጨመቅ ብቻ ነው። ማጠፊያው ከላላ በሩ ጎማውን አይጫነውም፤ ኖረ አልኖረ ያው ነው። ተራ ጎማ ፀሐይ ሲበዛበት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ኢፒዲኤም የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ በጣም ይሻላል። ቀለም ቀቢዎቻችን ደግሞ ጎማውንም አብረው ይቀቡታል! ከዚያ ወዲያ ድርቅ ብሎ ይቀራል።

በአሉሚኒየም መስኮት ግርጌ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን አንድፈናቸው። ከውጭው ጎማ ያለፈ የዝናብ ውሃ የሚወጣው በእነሱ ነው፤ በሲሊኮን ከተሞሉ ውሃው ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ለብርዱ ብለን የመኝታ ክፍላችንን ግጥም አድርገን ከደፈንን ደግሞ ከሰል ማስገባት የለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን በተኛበት ይገድላል። «ፍም ሆኗል፣ ምንም አይል» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ጭስ የሌለው ፍምም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ማንደጃው ውጭ ይደር።