ከሐይቅ ወደ ሚሌ በረሃ፦ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

ታኅሣሥ ሲገባ ሐይቅ ከተማ ላሉ የጉዞ አዘጋጆች ከአዲስ አበባ የሚደወለው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ሦስት ሌሊት፣ በረሃ፣ ሰው የሌለበት ቦታ።» ደዋዩ ስለ ድንኳኑ ይጠይቃል፣ ስለ ሙቀቱ ይጠይቃል፣ ኔትወርክም ባይኖር ደስ ይለዋል። (በሁለተኛው ቀን ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ለጉብታ የሚዞረው ግን እሱ ራሱ ነው።) ልምድ ያለው አዘጋጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ ስልኩን እንደዘጋ፣ ቀድሞ የሚደውለው ወደ ደጋ ነው። ሱሉላ ወይም ውጫሌ ካለ ዘመድ ጋር ሰላምታውን ያደርስና፣ የቤተሰቡንና የከብቱን ደኅንነት ጠይቆ ሲያበቃ፣ «ለመሆኑ እናንተ ዘንድ ሰሞኑን ጣል አድርጓል እንዴ?» ይላል።

በረሃ ለመሄድ የደጋን ዝናብ መጠየቅ ለእንግዳው ግራ ነው። ነገሩ የሚገባው የሚሌን ወንዝ ሲያውቅ ነው። ሚሌ የሚነሳው ሐይቅ ዋና ከተማው ከሆነችለት ከተሁለደሬ ወረዳ፣ ከሱሉላ በስተ ምዕራብ ካለው ከፍታ ነው። መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይወርዳል፣ ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ይታጠፍና አፋር ውስጥ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። በበጋ ታች ቆላ ላይ ዳር ዳሩ ያለው አሸዋ፣ የገባሮቹም ወለል፣ ልክ እንደተነጠፈ ፍራሽ ለጥ ብሎ ይጠብቃል። ጠጠር የለው፣ እሾህ የለው፣ ከነፋስም የተከለለ ነው። ድንኳን ይዞ የመጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። መተኛት የሌለበትም እዚያው ላይ ነው። አምባሰል ላይ ከሰዓት በኋላ የጣለ ዝናብ ቆላ የሚደርሰው ሌሊት፣ እዚያ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ሰማዩ በከዋክብት እንደተሞላ ሊሆን ይችላል።

ማረጋገጫው ሩቅ አይደለም። ከአሸዋው ዳር ያለውን ግራር ቀና ብሎ ማየት ነው። ከሰው ቁመት በላይ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ደረቅ ሣር፣ ጭራሮ፣ የፌስታል ቁራጭ ተሰክቶ ከተገኘ፣ ጎርፉ እዚያ ድረስ መጥቶ ነበር ማለት ነው። ፌስታሉ ፀሐይ ገና ቀለሙን ካላጠፋችው ደግሞ ጎርፉ የቅርብ ጊዜ ነው። ጥሩ አዘጋጅ እንግዶቹን ከመኪና አውርዶ ይህችን ፌስታል ያሳያቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ድንኳኑን ከፍ ካለው ጠጠራማ ቦታ ላይ ለመትከል የሚከራከር አይኖርም።

ወሩም የሚመረጠው በዚሁ መሠረት ነው። የደቡብ ወሎ ደጋ ከክረምቱ ሌላ በልግ አለው፤ በልጉ ሲቀና ከየካቲት ጀምሮ ይዘንባል፤ ገበሬው ደስ ሲለው ቆላ ለሚያድር ሰው ሥጋት ይሆናል። ስለዚህ አስተማማኙ ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ይህንን ወቅት የመረጡት የዛሬ ጎብኚዎች ብቻ አይደሉም። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲገር አዋሽን ተከትሎ ወደ አፋር የወረደው በ1926 ዓ.ም. በጋ ነው፤ ወንዙ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀርም በዓይኑ አይቷል። ሉሲም የተገኘችው ሀዳር ላይ፣ ከአዋሽ ዳር ድንኳን ተክለው በሰፈሩ ተመራማሪዎች፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

ለሐይቅ ሰው ከሉሲ ይልቅ የሚቀርበው ሌላ ግኝት አለ። በየካቲት 2008 ዓ.ም. በዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የሚመራው የወራንሶ ሚሌ የጥናት ቡድን ሚሮ ዶራ በተባለ ቦታ 3.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የራስ ቅል አገኘ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ያየው የአካባቢው አርብቶ አደር ነበር። ጥናቱ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሲታተም እንደተገለጸው፣ ቅሉ የተቀበረው ከደጋ የሚወርድ ወንዝ ሐይቅ በሚገባበት ደለል ውስጥ ነው። የደጋው ውሃ ቆላውን ሳያስፈቅድ ሲጎበኝ፣ እንግዲህ፣ ቆይቷል።

ሙቀቱ ቀላል ስሌት ነው። ሐይቅ ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ ሚሌ ከተማ 500 ሜትር ገደማ። አየር በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚሞቅ፣ በዚህ መንገድ ብቻ ዘጠኝ ዲግሪ ይጨመራል። ጠዋት ሐይቅ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተነሳ ሰው እኩለ ቀን ላይ ሚሌ ጥላ ይፈልጋል። ሌሊት ግን ደመና የሌለው ሰማይ የመሬቱን ሙቀት ቶሎ ያስለቅቀዋልና ጋቢው ይፈለጋል። አጎበርም እንዲሁ፤ ከክረምቱ በኋላ ያሉት ወራት የወባ ወራት ናቸው።

ውሃው ላይ ግን ቀልድ የለም። ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ሊትር ተብሎ ሲታሰብ፣ አራት ሰው በአራት ቀን 96 ሊትር ይጨርሳል፤ ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን ማለት ነው። ስድስተኛው ለራዲያተሩ፣ ሰባተኛው «ባይሆንስ» ለሚባለው። ሰባቱ ጀሪካን 140 ኪሎ ይመዝናል፤ የእንግዳው ታጣፊ ጠረጴዛና ባለ ብዙ ኪስ ወንበር ሐይቅ ላይ ተራግፎ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዳው ይከፋዋል፤ ይክፋው።

ሁለተኛው ጭቅጭቅ ስኮርት ጎማ ላይ ነው። አንድ አይበቃም። በአዋሽ ተፋሰስ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ እሾሁ ጎማ ይበሳል፤ ያውም ሲበሳ አያስታውቅም፣ ነፋሱ ቀስ እያለ ይወጣና ጠዋት መኪናው በአንድ ጎን አጎንብሶ ይገኛል። እዚያ ጎሚስታ የለም። ክሪኩም አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ ይያዛል። አሸዋ ላይ የጎማውን ነፋስ ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. ዝቅ አድርጎ መንዳት ደንብ ነው፤ አስፋልት ሲወጡ መልሶ የሚሞላ ትንሽ ኮምፕረሰር ካልተያዘ ግን ማስተንፈሱ ራሱ ሌላ ችግር ይፈጥራል።

መንገዱ በደሴና በኮምቦልቻ አድርጎ በባቲ ይወርዳል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ከዚሁ አገር ስለሆኑ ሾፌሩ ዘፈን አይቸግረውም። መነሻው እሑድ ከሆነ ባቲ አድሮ ሰኞ ገበያውን ማየት ይቻላል፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው የሚገናኝበት ገበያ ነው። ከድንኳኑ ወለል ሥር የሚነጠፍ ሰሌን ከዚያ ይገዛል። ከሰልም ከደጋ ይያዛል እንጂ ቆላ ወርዶ ግራር አይቆረጥም፤ ያ ግራር የፍየሎቹ ጥላና ቀለብ ነው። ጨለማና ኮከብ የፈለገ እንግዳ ካለ ደግሞ የጨረቃዋን ቀን ሙስሊም ጎረቤት መጠየቅ ነው፤ ወሎ ውስጥ ይህ መረጃ ከስልክ አፕሊኬሽን ይፈጥናል።

«ሰው የሌለበት ቦታ» የሚለው ጥያቄ ግን አፋር ምድር ላይ መልስ የለውም። በረሃው ባዶ ይመስላል፤ ሆኖም እያንዳንዱ መሬት የጎሣ መሬት ነው፣ ባለቤት አለው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሳይቸኩሉ ዳጉ ይለዋወጣሉ፦ ምን አየህ፣ ማን አለፈ፣ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ። ሐሰት ዳጉ ማቀበል ነውር ስለሆነ ወሬው ይታመናል። የአዲስ አበባው እንግዳ ብቻዬን ነኝ ብሎ ሻይ ሲያፈላ፣ የመኪናው ቀለምና የሰዎቹ ብዛት ከሱ ቀድሞ የሚቀጥለው የውሃ ጉድጓድ ደርሷል። ስለዚህ አዘጋጁ ከሚሌ አንድ የአካባቢ ሰው ይዞ ይገባል፣ ሽማግሌዎቹን ያስፈቅዳል፣ የሚያድሩበትንም ይናገራል። ዝናብ የጣለው የት እንደሆነ ማታ ማታ የሚሰማውም በዚያው ሰው በኩል ነው።

የማይኬድበትም ጊዜ አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ሲደርስ ሥራው ቆሞ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ መኖሩን መጠየቅ ከዝናብ ጥያቄ እኩል ሆኗል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ሲደርስ፣ በዕቅድ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ።

እንዲህ ባለ ጊዜ አዘጋጁ እንግዳውን አርዲቦ ሐይቅ ዳር ይወስደዋል። አርዲቦ ከሐይቅ ከተማ ቅርብ፣ ከተማዋ አጠገብ ካለው ትልቁ ሐይቅ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ውሃው በአንቸርቃ ወንዝ አድርጎ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል። ሌሊቱ ከሚሌ ይልቅ በእጅጉ ይበርዳል፣ ጠዋት ድንኳኑ በጤዛ ይርሳል። ለበረሃ ያልተሞከረ ድንኳን፣ ፋኖስና ምድጃ ጉድለቱ የሚታየው እዚህ ነው፤ የጎደለችው ካስማ ከሐይቅ ገበያ በባጃጅ ትመጣለች።