ዱቄት ነክቶሻል

የመጋቢት አቦ ለት ነው። ሳሪስ አቦ ግቢ ለንግሥ ቆመናል። ረፋዱ 4 ሰዓት አልፏል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጎረቤታችን እትዬ (ስማቸውን አልጠራም፣ ይታዘቡኛል) ዞር ብለው አዩኝና የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ወደ ጉንጬ መጡ። «ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ዱቄት ነክቶሻል።»

ዱቄት አልነበረም። ከወር አስቤዛዬ ሸርሽሬ የገዛሁት ሚኒራል ሰንስክሪን ነበር። ቤቴ ገብቼ መስታወት ሳይ ፊቴ አመድ፣ አንገቴ ጠይም፤ ሁለት ሰው የተገጣጠመ ይመስላል። ባለቤቴ አይቶ ዝም አለ። ዝም ማለቱ ከእትዬ ንግግር ባሰብኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያላነበብኩት የለም ማለት ይቻላል። ሰሞኑን «ለማድያት የትኛውን ሰንስክሪን ልግዛ?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

መጀመሪያ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ግንባሬና ጉንጮቼ ላይ ማድያት ወጣብኝ። ያደረግኩት ብዙዎቻችሁ ያደረጋችሁትን ነው፤ ስም በሌለው ብልቃጥ «የተቀመመ» ክሬም ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። በ10 ቀን ፊቴ ጠራ። በሁለት ወሩ ቀላ፣ ሳሳ፣ ፀሐይ ባየው ቁጥር ይለበልበኝ ጀመር፤ ማድያቱም ዘመዶቹን አስከትሎ ተመለሰ። እንዲህ ዓይነት ብልቃጥ ውስጥ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድ ወይም ሃይድሮኪኖን ነው፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ። በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ሳታነሳ «መጀመሪያ ከፀሐይና ከብርሃን ተከለዪ፤ ያለዚያ የማዝልሽ ሁሉ በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው» አለችኝ።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ለኛ ቆዳ? የፈረንጅ ጣጣ ነው!»

ግማሹ እውነት አለው፣ አልክድም። ሰንስክሪን ላይ የሚጻፈው ኤስፒኤፍ የሚባለው ቁጥር ቆዳ ሳይቀላና ሳይቃጠል ምን ያህል ጨረር እንደሚችል የሚለካ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1979 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የጥቁር ሰዎች የላይኛው የቆዳ ሽፋን በራሱ 13 ገደማ፣ የነጮቹ ደግሞ 3 ገደማ መከላከያ እንዳለው አሳይቷል። ጥቁር ቆዳ ላይ በፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ካንሰርም እምብዛም አይታይም። ስለዚህ በካንሰር እያስፈራራ ሰንስክሪን የሚሸጥላችሁን ሰው ብዙ አትስሙት። ከአልቢኒዝም ጋር ለተወለዱ ወገኖቻችን ግን ነገሩ ፍጹም ሌላ ነው። ያ ተፈጥሯዊ መከላከያ ስለሌላቸው ለነሱ ሰንስክሪን፣ ሰፊ ባርኔጣና እጅጌ ሙሉ ልብስ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ቁጥሩም ከፍተኛ፣ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ቢሆን ይመረጣል።

የወንድሜ ስህተት ቀሪው ግማሽ ላይ ነው። የኛ ችግር ማቃጠሉ አይደለም፣ ማጥቆሩ ነው። ማድያት፣ ብጉር ጥሎት የሚሄደው ጥቁር ምልክት፣ ከንፈር ዙሪያ የሚጠቁረው። እዚህ ላይ ደግሞ ተጠያቂው የማይታየው የፀሐይ ጨረር (አልትራቫዮሌት) ብቻ አይደለም፤ በዓይናችን የምናየው ብርሃን ራሱ፣ በተለይ ሰማያዊው ወገን፣ የኛን ዓይነት ቆዳ ያጠቁራል። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ የሚታይ ብርሃን ሲበራባቸው ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ጠቁረው ለሳምንታት ቆዩ፤ ነጭ ቆዳ ላይ ግን ምንም አልታየም። ኤስፒኤፍ የሚባለው ቁጥር ስለዚህ ብርሃን አንዳች የሚናገረው የለም። 30 ከአልትራቫዮሌት ቢ (ከሚያቃጥለው ጨረር) 97 በመቶ ያህሉን ያስቀራል፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንዲት ነጥብ ሆና ሳለ እኛ ባንኮኒው ላይ 50፣ 70፣ 100 እያልን እንጨራረሳለን።

አሁን ወደ ሚኒራሉ ልምጣ። ሚኒራል የሚባለው መከላከያው ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ሁለቱም ሲሆን ነው። ሁለቱንም ታውቋቸዋላችሁ። ዚንክ ኦክሳይድ የሕፃን ዳይፐር ሲያሳክክ የሚቀባው ነጭ ቅባት ውስጥ አለ፤ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የቤታችሁን ግድግዳ ያነጣው ቀለም ውስጥ አለ። «ሚኒራል ቆዳ ላይ ተቀምጦ ፀሐይን እንደ መስታወት ይመልሳል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ እኔም ለሰው ሳስተምር ከርሜአለሁ፣ ይቅርታ! አልትራቫዮሌቱን በአብዛኛው ይውጡታል እንጂ አይመልሱትም፤ የሚመልሱት ከመቶው 5 ያህሉን ነው። በአብዛኛው የሚመልሱት በዓይን የሚታየውን ብርሃን ነው፤ ነጭ ሆነው የሚታዩንም ለዚያ ነው። ስለዚህ «ነጭ ካላደረገ አይሠራም» የሚለው ንግግር ስለ አልትራቫዮሌት ከሆነ ውሸት ነው።

ታዲያ ሚኒራል ለምን? ለኔ መልሱ ቀላል ነው። ያ ብልቃጥ የላጠው ፊቴ ሌላውን ሁሉ አልችል አለ፤ ይለበልበኛል፣ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። ሚኒራሉ ግን ዝም ይላል። ለሚያጠቡና ለነፍሰ ጡሮችም ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ይህንኑ ያስቀድማሉ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ረቂቅ ከ16 የሰንስክሪን ንጥረ ነገሮች «ስለ ደኅንነታቸው በቂ መረጃ አለ» ያለላቸው እነዚህን 2 ብቻ ነበር። ለ12ቱ ተጨማሪ መረጃ ይቅረብ ነው ያለው፤ ይጎዳሉ አላለም። ኬሚካል የሚባሉትን ሌሎቹን የምትጠቀሙና የተስማማችሁ በኔ ምክንያት አትጣሉ።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ይመጣል። ፋብሪካዎቹ ንጣቱን ለማጥፋት ዱቄቱን እጅግ አድቅቀው ይፈጩታል፤ ሲደቅ ፊት ላይ አይታይም፣ አልትራቫዮሌቱንም ይይዛል፣ የሚታየውን ብርሃን ግን ያሳልፋል። እንግዲህ ምርጫው ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ ወይ አመድ መስሎ መከለል፣ ወይ አምሮ ማድያትን መቀለብ። መውጫው ቀለም ነው። አይረን ኦክሳይድ ይሉታል፤ በኛው ቋንቋ የብረት ዝገት፣ ቀይ አፈርን ቀይ ያደረገው ነገር። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር አለው፤ ሦስቱ ተመጥነው ሲገቡ ክሬሙ የቆዳ መልክ ይይዛል፣ የሚታየውንም ብርሃን ይከላል። የሜክሲኮ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ማድያት ያለባቸውን ሰዎች ሁሉ ያንኑ መድኃኒት ሰጥተው ሰንስክሪኑን ብቻ ለያዩት፤ አይረን ኦክሳይድ ያለበትን የተቀቡት ይበልጥ ተሻላቸው።

እዚህ ላይ ሳላነሳው የማላልፈው ነገር አለ። የሐመር ሴቶች ጸጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ሲቀቡ በፎቶ አይታችኋል፤ ያን አፈር ቀይ ያደረገው አይረን ኦክሳይድ ነው። ድሬዳዋ አጠገብ ባለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውስጥ የ40 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ 4,213 ቁራጭ፣ 40 ኪሎ ያህል የሚመዝን እንዲህ ያለ ቀለማም ድንጋይ ተገኝቷል፤ ከመካከሉ የተፈጨና የተፋቀም አለ። ለፊት ይሁን ለቆዳ ፋቂ ሥራ ይሁን ማን ጠይቋቸው! እኔ ግን ቲንትድ (ቀለም ያለው) ሰንስክሪኔን በጨመቅኩ ቁጥር እነሱ ትዝ ይሉኛል።

ስለዚህ ፋርማሲ ስትገቡ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ቁጥር ተዉትና ጀርባውን አዙሩ። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ከነመቶኛው ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ «ሲአይ 77491፣ 77492፣ 77499» የሚሉ ቁጥሮችን ፈልጉ፤ የሦስቱ ብረቶች መታወቂያ ናቸው። ሲአይ 77891 ብቻ ካገኛችሁ እሱ ታይታኒየም ነው፣ ነጩ፤ እንዳያታልላችሁ። ከዚያ ኤስፒኤፉ 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን፣ ለአልትራቫዮሌት ኤ (ለሚያጠቁረውና ለሚያሸበሽበው ጨረር) ጭምር እንደሚሠራ የሚያሳይ ምልክት ይኑረው፤ በአውሮፓዎቹ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ ዩቪኤ፣ በጃፓኖቹና በኮሪያዎቹ ፒኤ ብሎ የመደመር ምልክት ነው።

የቀለሙ ነገር ያስቸግራል፣ አልዋሽም። ከውጭ የሚመጣው «መካከለኛ» የሚሉት ለቀይ ሰው ነው፤ የቀይ ዳማ ያስኬደው ይሆናል፣ ጠይም ላይ ግን ያመዳል። ሲገዙ እጅ ጀርባ ላይ መሞከር ሞኝነት ነው፤ መንገጭላና አንገት መጋጠሚያ ላይ ቀብታችሁ ከሱቁ ውጡና በቀን ብርሃን እዩት። አንድ ደረጃ ጠቆር ያለውን መውሰድ ከአመድማው ይሻላል። ከመስኮቱ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለውን ዕቃ ደግሞ አትግዙ፤ የፀሐይ መከላከያን ፀሐይ ላይ ደርድሮ የሚሸጥ ሰው ማየት ያስቃል፣ ክሬሙ ግን በሙቀት ውኃና ቅባቱ ይለያያል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያጓድለን መጠኑ ነው። ቁጥሩ የተለካው በ1 ሴንቲ ሜትር ካሬ ቆዳ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። ለፊትና ለአንገት ሲመነዘር በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ርዝመት የተጨመቁ ሁለት መስመሮች ይሆናል። ብዙ ነው፣ አዎ። የ50 ሚሊ ሊትር ቱቦ ተገዝቶ ከ6 ወር በኋላም ካላለቀ አልተቀባችሁትም፤ በየቀኑ ሲቀቡት ከወር ተኩል ብዙ አይዘልም። እኔ ያኔ «እንዳይነጣ» ብዬ ጠብ ጠብ ያደረግኩት ነጥቶም አልሠራም። በሁለት ዙር ቀቡት፤ አንዱን መስመር ነካ ነካ አድርጋችሁ አዳርሱ፣ ትንሽ ይጠጣ፣ ሁለተኛውን ድገሙ። አትሹት፤ ሲታሽ ይንከባለላል። ማታ ውኃና ሳሙና ብቻውን አያስለቅቀውም፤ በትንሽ ዘይት አሟምታችሁ ከዚያ ታጠቡ፣ ያለዚያ ብጉር ነው ትርፉ።

«ቀኑን ሙሉ ቢሮ ነኝ፣ ያስፈልገኛል?» ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ምሳ ሰዓት ከወጣችሁ ደግሞ አንድ ጊዜ። ውጭ የምትውሉ በየ2 ሰዓቱ ነው የሚባለው፤ ታክሲ ተራ ሰልፍ ላይ ቆሞ ፊት መቀባት ለኔም አልሆነልኝም፣ ስለዚህ ጃንጥላ እይዛለሁ። ጥቁር ጃንጥላ ከ90 በመቶ በላይ አልትራቫዮሌት ያስቀራል። ስስ ነጠላ ግን ብዙ ያሳልፋል፣ እንዳትታመኑበት።

ደግሞ ያለነው የት እንደሆነ አትርሱ። ሳሪስ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ይጨምራል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 5 አካባቢና በነሐሴ መጨረሻ፣ ፀሐይ በትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች። በሚያዝያው አቦ ለት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ግቢ ውስጥ ብትቆሙ ጥላችሁን የምታገኙት ጫማችሁ ሥር ነው። ክረምት ነው ብላችሁም አትተዉት፤ ስስ ደመና አብዛኛውን ያሳልፋል።

መስኮትም እንደዚያው። ተራ መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር ይይዛል፣ የሚያጠቁረውንና የሚያሸበሽበውን ግን ያሳልፋል። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ፎቶ አለ፤ የ69 ዓመት ሰው፣ 28 ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር፣ ግራ ፊቱ ተሸብሽቦ ተንጠልጥሏል፣ ቀኙ ደኅና ነው። ይህን ፎቶ ለአጎቴ አሳየሁት። አጎቴ በዚሁ በኛው በቃሊቲ መንገድ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ መሪውም በግራ ነው። ፎቶውን አየ፣ የመኪናውን መስታወት አየ፣ ግራ ጉንጩን ዳበሰ። ምንም አላለም።

ባለፈው እሑድ ቱቦዬ ካስቀመጥኩበት ጠፋ። ስደውልለት አዋሽን አልፎ ነበር። «አትቆጪ፣ ቆጥቤ ነው የምጠቀመው» አለኝ፤ «በግራ በኩል ብቻ ነው የምቀባው።»